ቁርጡ ሳይነገር የቆየ ቱር፦ የቢቲኤስ የ2012 ጉዞና የእኛ የቀብድ ደብተር

የባንዳችን የቀብድ ደብተር ሰማያዊ ነው። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዘጠኝ ሰርግ ተጽፎበት ነበር። ሁሉም ከፋሲካ በኋላ ናቸው። ጎንደር ውስጥ ሰርግ የሚጫወት ባንድ ዓመቱን የሚኖረው በሁለት ወቅት ገቢ ነው። አንዱ ጥር ነው። ሌላው ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ናቸው። በዐቢይ ጾም አይሞሸርም። ስለዚህ በጾሙ ቀብድ እንቀበላለን፣ ሞንታርቦ እናስጠግናለን፣ አዲስ ዘፈን እናጠናለን።

መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዘጠኙም ሰርግ ቆመ። ቀብዱ ግን እጃችን ላይ አልነበረም። ከፊሉ የድምፅ ሚክሰር ተገዝቶበታል፣ ከፊሉ የቤት ኪራይ ሆኗል።

ያኔ የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመልሳ እኛ ቤት ነበረች። ቢቲኤስ የተባለው የደቡብ ኮሪያ የዘፋኞች ቡድን አፍቃሪ ናት። እኔ ስማቸውን ከእሷ አፍ ብቻ ነበር የማውቀው። አንድ ቀን ደብተሩን ይዤ ስተክዝ አየችኝ።

«ጋሼ፣ የእነሱም ቱር እንደ እናንተ ቆሟል እኮ» አለችኝ።

«ቀብዱን ምን አደረጉት?» አልኳት።

የጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። ዘጠኝ ሰርግና የዓለም ስታዲየሞች በመጠን አይወዳደሩም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ የሰው ገንዘብ ይዘሃል፣ ቀኑ ደግሞ ከእጅህ ወጥቷል። ሰውየውን ምን ትለዋለህ?

ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ። እንዲህ ሲሆን የሴኡሉና የጎንደሩ ነገር እንዴት ጎን ለጎን እንደሄደ ይታያል።

ምን ታቅዶ ነበር

ቢቲኤስ ሰባት ወጣቶች ናቸው። የሚያሠራቸው ኩባንያ ያኔ ቢግ ሂት ኢንተርቴይንመንት ይባል ነበር። መቀመጫው ሴኡል ነው። የካቲት 13 ቀን 2012 «ማፕ ኦፍ ዘ ሶል፦ 7» የተባለውን አልበም አወጡ። በአልበሙ ስም የዓለም ቱር ተዘጋጅቶ ነበር። መነሻው የሴኡል ኦሊምፒክ ስታዲየም ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1988ቱ ኦሊምፒክ የተከፈተበት ቦታ። ቀኖቹ ሚያዝያ 3፣ 4፣ 10 እና 11። ሚያዝያ 11 የዚያ ዓመት የእኛ ፋሲካ ነው።

ከዚያ ወደ አሜሪካ ይሻገራሉ። ሳንታ ክላራ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ዳላስ፣ ቺካጎ እያለ ይቀጥላል። ካናዳ ቶሮንቶም አለች። ቀጥሎ ጃፓን፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ሮተርዳም፣ ባርሴሎና። አብዛኛው በስታዲየም ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ስለሆነ። የስታዲየም ኮንሰርት ዘፋኝና ማይክ ብቻ አይደለም። የመድረኩን ብረት ለማቆም ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ትልልቅ ቱሮች ከአንድ በላይ የመድረክ ብረት ይይዛሉ። አንዱ ከተማ ላይ እየተዘፈነ፣ ሌላው ብረት በቀጣዩ ከተማ ይቆማል። ስታዲየሞቹ ደግሞ የእግር ኳስ ቤቶች ናቸው። ክለቡ የማይጫወትበት ሳምንት ተፈልጎ ነው ቀን የሚያዘው። መብራቱ፣ ድምፁ፣ ስክሪኑ፣ የጭነት መኪናው፣ ሆቴሉ ሁሉ በዚያ ቀን ላይ ይታሰራል። አንዷ ከተማ ስትንቀሳቀስ ቀጣዮቹም አብረው ይናጋሉ። እኛ እንኳን አንድ ሰርግ ከቅዳሜ ወደ እሑድ ሲዞርብን ጀነሬተር አከራዩን፣ ሹፌሩንና ከአዘዞ የሚመጣውን ሳውንድማን እንደ አዲስ መለመን አለብን።

የመጀመሪያው ውሳኔ፦ ተሰርዟል

በየካቲት መጨረሻ ደቡብ ኮሪያ ከቻይና ቀጥሎ ብዙ ታማሚ የተገኘባት አገር ነበረች። ዋናው ቦታ ዴጉ የምትባል ከተማ ናት። ከሰባቱ ሁለቱ፣ ሹጋ እና ቪ፣ የዚያች ከተማ ልጆች ናቸው።

የካቲት 20 ኩባንያው የሴኡሉን አራት ቀን ሰረዘው። ኮንሰርቱ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ከ200 ሺህ በላይ ተመልካች ይጠበቅ ነበር። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው። በሚያዝያ በሽታው የት እንደሚደርስ መገመት አይቻልም አለ። ሠራተኛና ዕቃ ከአገር አገር ማለፍ መቻሉም አይታወቅም አለ። ገንዘባችሁ ይመለሳል አለ።

ልብ በሉ፤ «ይራዘማል» አላለም። «ተሰርዟል» ነው ያለው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ልቤን ነክቶታል። ሹጋ ለዴጉ ተጎጂዎች 100 ሚሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ሰጥቶ ነበር። የትኬት ገንዘባቸው ሊመለስላቸው የሆኑ አፍቃሪዎች የእሱን ፈለግ ተከተሉ። የተመለሰላቸውን ለእርዳታ መስጠት ጀመሩ። የእህቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ደግሞ የታየኝ ሌላ ነው። ሰው ሊሰጥ የሚችለው ገንዘቡ እጁ ሲገባ ነው። ቁርጡ ስለተነገራቸው ገንዘቡ መልሶ የራሳቸው ሆነ፤ የራሳቸው ሲሆን ደግሞ ለሌላ ተረፈ።

ሁለተኛው ውሳኔ፦ ተራዝሟል

መጋቢት 17 የሰሜን አሜሪካው ክፍል ተራዘመ። የያዛችሁት ትኬት ለአዲሱ ቀን ያገለግላል ተባለ። አዲሱ ቀን ግን አልተነገረም። ሚያዝያ 20 ደግሞ የቱሩ መርሐ ግብር በሙሉ ላልተወሰነ ጊዜ ቆመ። እንደገና ሲወሰን እናሳውቃለን ተባለ።

ይህች «እናሳውቃለን» ነሐሴ 2013 ድረስ ቆየች። ወደ 16 ወር ገደማ ነው።

በመሰረዝና በማራዘም መካከል ያለው ልዩነት ለተመልካች የቃል ሊመስል ይችላል። ለሙያው ሰው ግን የገንዘብ ልዩነት ነው። ሲሰረዝ ገንዘብ ይመለሳል፤ ሁሉም ሒሳቡን ዘግቶ ይለያያል። ሲራዘም ትኬቱ በሕይወት ይቆያል። ስታዲየሙም፣ አዘጋጁም፣ አከራዩም ውሉን እንደያዙ ይጠብቃሉ። ቀን ያለው መራዘም ጥሩ ነገር ነው። ቀን የሌለው ሲሆን ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል።

በፍትሕ ልናገር። በዚያ መጋቢት ማንም ሰው ሁለት ዓመት ይፈጃል ብሎ አላሰበም። እኔም አላሰብኩም። የአሜሪካንና የአውሮፓን ስታዲየም በአንድ ቀን መሰረዝ ቀላል አልነበረም። ድንበሮቹም በየአገሩ ሕግ ነበር የሚከፈቱትና የሚዘጉት። ስለዚህ የመጋቢቱን «ተራዝሟል» አልነቅፍም። የምነቅፈው የ2013ን መስከረም ነው። ያኔ ነገሩ ወር ሁለት ወር እንዳልሆነ ታውቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁርጡን ለመናገር 11 ወር መቆየት ብዙ ነው።

የእህቴ ልጅ በዚህ አትስማማም። እስከ ዛሬም ተከራክረን አልጨረስንም።

«አንተ ቀብድ ነው የምታየው» ትለኛለች። «እኔ ተስፋውን ነበር የያዝኩት። ተሰርዟል ቢሉኝ ያን ክረምት በምን እዘልቀው ነበር?»

እሷ ትኬት አልነበራትም። በርሊን ያለች የኢንተርኔት ጓደኛዋ ግን ነበራት። ሁለቱ ማታ ማታ ይጻጻፉ ነበር። ቀኑ መቼ ይሆን እያሉ መገመት የሁለቱ ጨዋታ ሆኖ ነበር። ይህን ስሰማ መልስ አጣለሁ።

በመሐል የተሠራው ሥራ

ቱሩ ቆሞ ሳለ ኩባንያው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሰኔ 7 ቀን 2012 እሑድ የኢንተርኔት ኮንሰርት አደረጉ። ጎንደር ላይ ቀን 6 ሰዓት ነበር። በአንድ ጊዜ የተመለከቱት ከፍተኛ ቁጥር 756,600 ደረሰ፤ ከ107 አገሮችና ግዛቶች። ትኬቱ የሚከፈል ነው። የእኛ የባንክ ካርድ ያኔ ውጭ ስለማይከፍል የእህቴ ልጅ ያንን ኮንሰርት የተከታተለችው ጓደኛዋ ከበርሊን በጽሑፍ እየነገረቻት ነው። «አሁን ልብስ ቀየሩ፣ አሁን ይሄንን ዘፈን ጀመሩ» እያለች። እኛ ምሳ እየበላን እሷ እንጀራውን ረስታ ስልኳን ታያለች።

መስከረም 30 እና ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሁለተኛውን አደረጉ። በአካልም በኢንተርኔትም እንዲሆን ታስቦ ነበር። በሽታው ስላልፈቀደ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። አራት ትልልቅ መድረክ ሠርተውለታል። በሁለቱ ቀን 993,000 ሰው ከ191 አገሮችና ግዛቶች ተመልክቷል። የሴኡል ስታዲየም በአራት ቀን ሊይዘው ከታሰበው ሕዝብ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

በዚህ መካከል «ዳይናማይት» መጣ። ነሐሴ 15 ቀን 2012 የወጣ፣ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተዘፈነ ነው። በአሜሪካው የቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ገባ። ቡድኑ እዚያ ቦታ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ቱሩ ባይቆም ኖሮ ያን ዓመት በስታዲየም ጉዞ ላይ ነበሩ።

ጥቅምት 5 ቀን 2013 ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2020 ገቢው ከ2019ኙ 587 ቢሊዮን ዎን ወደ 796 ቢሊዮን ዎን ገደማ አደገ። የስታዲየም ኮንሰርት ሳይኖር ማለት ነው። አልበምና ሸቀጥ ተሸጠ፣ የኢንተርኔት ትኬት ተሸጠ።

ይህ ቁጥር ሲነገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ኩባንያው ዳነ። ዘፋኞቹ ዳኑ። ብረት የሚያቆመው ሰውዬስ? የጭነት መኪና ሹፌሩስ? በየስታዲየሙ በር ላይ ትኬት የሚቀደውስ? የኢንተርኔት ኮንሰርት አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ ሰው ብቻ ነው የሚያሠራው። በየከተማው በቀን የሚቀጠረው ሠራተኛ ከዚያ ገንዘብ ድርሻ የለውም። የእኛ ድራመር በዚያ ክረምት ከማራኪ ፒያሳ ባጃጅ ነዳ። ሳውንድማናችን እናቱ ጋ ወደ ገጠር ገባ። ስለ ቱር ሲወራ እነዚህ ሰዎች የሚቆጠሩበት ሠንጠረዥ አላየሁም።

የእኛ ዘጠኝ ሰርግ

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ሁለተኛውን ውሳኔ ነው። ለዘጠኙም ቤተሰብ ደወልኩ። «ከሰኔ በኋላ እናያለን» አልኳቸው። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሰው ላለማስቀየም ብዬ ነው።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ የሙሽራ አባት ቤቴ መጡ። ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ። ማስክ አድርገዋል። እንዲቀመጡ ለመንኳቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ። «ትጫወታለህ ወይስ አትጫወትም? የማትጫወት ከሆነ ቀብዱን ስጠኝና ለልጆቹ ጤፍ ልግዛበት። ድንኳኑም፣ ድግሱም፣ አንተም ሁላችሁም እናያለን አላችሁኝ። ሁሉም ጋ ገንዘብ አለኝ፤ እጄ ላይ ግን የለኝም።»

የጤፉ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ባንዱን ሰበሰብኩ፤ ተራርቀን ተቀመጥን። የእህቴ ልጅ የሴኡሉን ማስታወቂያ ትርጉም አነበበችልን። የካቲት 20 የተባለውን ማለት ነው። ከዚያ ወሰንን። ሚክሰሩ ተሸጠ። ገንዘባቸውን ለሚፈልጉ በሁለት ጊዜ ከፍለን መለስን፤ ስድስት ቤተሰብ ወሰደ። ሦስቱ አልፈለጉም። ለእነሱ «ለጥር 2013 ይሁን፤ ጥር 1 ድረስ ካልተቻለ ይመለሳል» ብለን ጽፈን ፈረምን። ጥር ሲመጣ ሁለቱ ተሞሸሩ። ሦስተኞቹ ቀደም ብለው በቤታቸው በጥቂት ሰው ተጋብተው ነበርና ገንዘቡን መለስንላቸው።

ለፋሲካ ራሳችን ልናዘጋጀው ለነበረ አንድ የሙዚቃ ምሽት የአዳራሽ ቀብድ ከፍለን ነበር። እሱ አልተመለሰልንም። «ሲከፈት ትጠቀሙበታላችሁ» ተባልን። ሲከፈት ደግሞ ዋጋው ጨምሯል ተባልን። ቀን በሌለው ቃል ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የገባኝ ያኔ ነው። በርሊን ያለችውንም ልጅ ያሰብኳት ያኔ ነው።

የከተማችን ሰው ይህን ከእግር ኳሱም ያውቀዋል። የ2012 ፕሪሚየር ሊግ በመሐል ተቋርጦ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተሰረዘ። ሻምፒዮን አልተባለም። ፋሲል ከነማ ከመሪዎቹ መካከል ነበርና ጎንደር ላይ ብዙ ሰው አዘነ። ግን ቁርጡ ታወቀ። ተጫዋቹም ደጋፊውም ለሚቀጥለው ዓመት ተዘጋጀ። በ2013 ፋሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን አነሳ።

መጨረሻው እንዴት ሆነ

ነሐሴ 14 ቀን 2013 ኩባንያው ቱሩን በሙሉ ሰረዘ። በታሰበው መጠንና ጊዜ መቀጠል አስቸጋሪ ሆነብን አለ። በማፕ ኦፍ ዘ ሶል ስም አንድም የስታዲየም ኮንሰርት ሳይደረግ ቀረ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ከኅዳር 18 እስከ 23 ቀን 2014 ባለው ጊዜ፣ በሌላ ስም ሎስ አንጀለስ ላይ አራት ቀን ተጫወቱ። ወደ 214 ሺህ ትኬት ተሸጠ፤ 33.3 ሚሊዮን ዶላር ገባ። ሕዝቡ አልረሳቸውም። ቀጥሎ ሴኡል፣ ከዚያ ላስ ቬጋስ። በዚያው አበቃ። ለንደን፣ በርሊን፣ ሮተርዳምና ባርሴሎና አልተደረሰም።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ ለማወቅ የኮሪያን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። ጤነኛ ወንድ ሁሉ ወታደር ይሆናል። ለእነሱ ሲባል ዕድሜው እስከ 30 እንዲራዘም ሕጉ ተሻሽሎ ነበር። ታላቃቸው ጂን ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ገባ። ሌሎቹም ተከታትለው ገቡ፤ የመጨረሻው የወጣው ሰኔ 2017 ላይ ነው። ኮሮና የወሰደባቸው ሁለት ዓመት አንድ ላይ ከነበራቸው ጥቂት ቀሪ ዓመት ላይ የተቆረጠ ነው። ገንዘብ ይመለሳል። የሰባት ሰው አብሮ የመዝፈኛ ጊዜ ግን እንደ ትኬት አይመለስም። ለእነሱ ከልቤ የማዝነው እዚህ ላይ ነው።

የሴኡሉን የ2014 ኮንሰርት ቅንጫቢ ቪዲዮ ከእህቴ ልጅ ጋር አይተነዋል። መጀመሪያ ቱሩ ሊነሳበት የነበረው ያው ስታዲየም ነው። የመጨረሻው ቀን መጋቢት 4 ዋለ። የእኛ የመጀመሪያ ታማሚ ከተነገረ ልክ ሁለት ዓመት። በየቀኑ የተፈቀደው 15,000 ሰው ብቻ ነው። መጮኽ ክልክል ነበር። ከመቀመጫ መነሳትም አይቻልም። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው በታጠፈ ወረቀት ነው።

ድምፁን ከፍ አድርጌ አዳመጥኩት። ዘፈኑ ሲያልቅ ጩኸት መምጣት ያለበት ቦታ ላይ ጠፍ ጠፍ የሚል የወረቀት ድምፅ ብቻ ይሰማል። እልልታ የሌለው ሰርግ ላይ ተጫውቼ አውቃለሁ፤ ጥር 2013 ላይ፣ ሰው ማስክ አድርጎ። ዘፋኝ ጉልበቱን ከየት እንደሚያመጣ ይጠፋዋል። ልጆቹ ግን እስከ መጨረሻው ዘፈኑ። አንዱ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ሕዝቡ አዘነበለ። ሕዝቡ ወረቀቱን አጨበጨበ።

«አየህ ጋሼ» አለችኝ። «መጠበቄ ለዚህ ነበር።»

ደብተሩ አሁን ሌላ ነው፤ ሰማያዊው አልቋል። በአዲሱ ላይ ከስምና ከቀን ቀጥሎ ሦስተኛ ዓምድ አስምሬያለሁ፦ «ካልሆነ ቀብዱ የሚመለስበት ቀን» ይላል። ቀብድ የሚከፍል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናስሞላው እሱን ነው።